በአንድ እጅ የተሰጠ ዱባ

ከሳቬ ወንዝ ዳር፣ ከሦስቱ ባኦባቦች ሥር
የሙቀቱ ወር ጉሚጉሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን

ለታናሽ እህቴ ለሩምቢዛይ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የትንሿ እሾህ ጠነከረላት ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ከፊት ጥርሶቼ አንዱ ተሰብሯል፣ ወንዙም ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀርታለች፤ ከዚህ በቀር የጎደለብኝ የለም። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ እርኩም መንገድ ላይ ከፍቶ እንዳያነበው በሰፊ ቅጠል ጠቅልዬ በልጥ ሦስት ጊዜ አስሬዋለሁ። ቋጠሮው ሁለት ሆኖ ካገኘሽው ጻፊልኝ፤ አንድ ነገር እለዋለሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ዛሬ ምን ነካት እንደምትዪ አውቃለሁ። የደረሰብኝን ለሌላ ለማንም ልነግረው አልችልም። እዚህ አገር ጆሮ እንጂ ጓደኛ የለም።

ነገሩ የጀመረው በዱባ ነው። ጋሪካይ የሚባለውን ጦጣ አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ መጥቶ ከጉድጓዴ በላይ ባለው ባኦባብ ዛፍ ላይ የሰፈረ ጎልማሳ ነው። መንጋውን ጥሎ ብቻውን የሚኖር ጦጣ እስቲ ምን ቢያደርግ ነው? እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬዋለሁ። ደግሞ «ቴቴ» ይለኛል። መቼ ነው የአባቱ እህት የሆንኩት? አባቱ እንደ እኛ ጃርት ነበር፣ እሾህ ነበረው እንዴ?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ ከጉድጓዴ ስወጣ እሱ ወደ መኝታው ሲወጣ እንገናኛለን። ቀን የዋለበትን ሁሉ ይተርክልኛል። እሰማዋለሁ፤ ለጨዋታው ብዬ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ጥርሴ ከተሰበረ ወዲህ ሥር ማኘክ እንዳቃተኝ፣ የበሰለ ዱባ ባገኝ ግን በድዴም ቢሆን እንደምበላው አምልጦኝ ነገርኩት። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። ለጦጣ የሆድን መንገር ለሌባ ደጅን ክፍት አድርጎ መተኛት ነው።

በአራተኛው ቀን ዱባ ይዞ መጣ። እኔን የሚያህል፣ እንደ ፀሐይ የበሰለ ዱባ ነው። በቀኝ እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል፤ ግራ እጁ ግን ከጀርባው ነበር።

«ቴቴ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው።»

«ሌላው እጅህ የት ሄደ?»

«አለ።»

«አለማ አለ! ምን ይዟል ነው የምልህ።»

«ምንም አልያዘም። ይቀበሉኝ እንጂ፣ ከበደኝ እኮ።»

«እናትህ ስጦታ በስንት እጅ ነው የሚሰጠው ብላ ነው ያሳደገችህ?»

ዓይኑን አየሁት፤ ይቅበዘበዛል።

«ምን ፈልገህ ነው ጋሪካይ?»

«ምንም ቴቴ።»

ምንም! አንቺው ፍረጂ፤ ምንም ሳይፈልግ ዱባ ተሸክሞ የሚመጣ ፍጡር አይተሽ ታውቂያለሽ? እናታችን ምን እንዳለችን አልረሳሽም። ስጦታ በሁለት እጅ የሚሰጠው ለክብር ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው እጅ ድንጋይ አለመያዙ እንዲታይም ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። ስለዚህ እንደ ወጉ አጨብጭቤ አላመሰገንኩም፣ ልቀበልም እጄን አልዘረጋሁም። ዱባውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወደ ዛፉ ሄደ። ሲሄድም ጀርባውን አልሰጠኝም፤ ወደ ኋላው እየተራመደ ነው የሄደው። ይሄ ደግሞ ይብስ አስጠረጠረኝ።

ኤሊውን፣ የሁላችንን አያት ሴኩሩ ሙሪሳን አስጠራሁና «እስቲ አባቴ፣ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። ያለ ሐሳብ ሩቡን ጨረሱት።

«ጣፋጭ ነው ልጄ። ብዪ እንጂ።»

«ይቆዩ እንጂ፣ መርዝ እኮ ቶሎ ላይታወቅ ይችላል።»

«በእኔ ላይ ቶሎ የሚሆን ነገር መቼ አየሽ?» አሉና ሳቁ።

ሦስት ቀን ጠበቅኳቸው። ሽማግሌው አልሞቱም፤ እንዲያውም ወፈሩ። እስከዚያ ግን የተረፈውን ጉንዳን ጨርሶት ነበር። አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመስኩትም።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ምን ነበረበት! እኔ ግን ኩሬው ዳር ሄጄ ለጅግራዋ ለማይ ሹፒ «ጦጣው ከጀርባው የሚደብቀው ነገር አለ» አልኳት። ማይ ሹፒን ታውቂያታለሽ፤ ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ነገሩ «ሽቦ ይዟል» ሆነ። ከቀትር በኋላ ደግሞ «ለአዳኞቹ ተቀጥሮ ወጥመድ ሊያጠምድልን ነው» ሆኖ አደረ። በማግስቱ ጋሪካይ ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ ከርከሮውም ሚዳቋውም ተሰልፈው መንገዱን ዘጉበት።

«እጅህን አሳየን!» አሉት።

አላሳየም። አንድ በአንድ አየንና መጨረሻ ላይ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አንድ ቃል ብናገር ያሳልፉት ነበር። እኔ ግን እሾሄን አቆምኩ። ሳይጠጣ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን አልታየም። በዚህ ሙቀት፣ ያለችው ያቺ አንዲት ኩሬ ብቻ! «መደበቁ ራሱ ምስክር ነው» አልኩ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ባኦባቡን ዞርኩ። ከግንዱ ሥር ባለው ፍልፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ራሱን ደረቱ ላይ ደፍቶ አገኘሁት። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ነበር።

ሽቦው በእርግጥ ነበረ፤ ማይ ሹፒ አልተሳሳተችም። አንጓው ላይ ነበር። ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ጫፉ ብቻ ይታያል፣ እጁ አብጦ ዱባ አክሏል። ከመንደሩ የዱባ ማሳ አጥር ላይ ሰዎች የሚያጠምዱትን ወጥመድ ታውቂዋለሽ። እዚያ ነው የያዘው። ግማሽ ቀን ጠምዝዞ ጠምዝዞ በጠሰውና፣ ከዚያ እንደመሸሽ ተመልሶ ዱባውን ቆርጦ መጣ። ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው። እጁን ለምን እንደደበቀ ስጠይቀው «ካዩት ዱባው አይበላልዎትም ብዬ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ግን ያየሁት እጁን ብቻ ነው። ሩምቢዛይ፣ አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም።

የባኦባብ ፍሬ ቅርፊት አንስቼ ወደ ኩሬው ሮጥኩ። ውሃ ሞልቼ በሁለት እጄ ይዤ ስመለስ ማይ ሹፒ ከነጫጩቶቿ መንገዱ ላይ ነበረች።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለጋሪካይ።»

«ኧረ ጉድ! ያ ሽቦ የሚደብቀው?»

«ሽቦው እጁን እየበላው ነው። የማላውቀውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዞር በይ፣ ውሃው ይፈስብኛል!»

ዞር አለች። ማንም ሳያየኝ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ የሁሉም ዓይን ጀርባዬ ላይ ነበር።

ጋሪካይ ነቅቶ ጠበቀኝ። ውሃውን አየ፤ ከዚያ እጆቼን አየ፤ ከዚያ አንገቱን አስግጎ ከጀርባዬ ማን እንዳለ ፈለገ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እያየሁት፣ እጁን ሳይዘረጋ እንዲህ አለኝ፦

«ምን ፈልገው ነው ቴቴ?»

ሩምቢዛይ እህቴ፣ ይህቺ ጥያቄ እንዴት ትከብዳለች! መልስ ፈለግኩላት፣ አጣሁ። «ምንም» ብለው አያምነኝም። ማን ያምናል? ያን ዓመት አንቺ ሁለት ቀን በእግርሽ ተጉዘሽ፣ ያን ጣፋጭ ሥር በጀርባሽ አዝለሽ ደጄ ስትቆሚ እኔ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብዬ እንደተቀበልኩሽ አንቺም አልረሳሽ፣ እኔም አልረሳሁ። አልመለስሽልኝም። ሥሩን አስቀመጥሽና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሰሽ ሄድሽ። መልስ ያጣሽው ተንኮል ስለነበረሽ መስሎኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ልክ ነበርኩ ብያለሁ። ለካ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

«የጠማህ መስሎኝ ነው» አልኩት በመጨረሻ።

ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ግራውንም ሊያነሳ ሞከረ፣ አልነሳ አለው። ልማድ አይለቅም፣ በአንድ እጅ መቀበል አሳፈረው። እኔም አንድ እጄን ከቅርፊቱ ለቀቅኩና የታመመውን ክንዱን ከሥር ደገፍኩለት። እንዲህ ሆነን ጠጣ። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

ሽቦውን ያወጣሁት በራሴ እሾህ ነው። አንዱን ነቅዬ ጫፉን ከቋጠሮው ሥር እያስገባሁ ጠዋቱን ሙሉ ፈታሁት። ጮኸ፣ ሰደበኝ፣ ጆሮዬንም ነከሰኝ። ሴኩሩ ሙሪሳ እሬት ይዘው ሲደርሱ ሥራው ካለቀ ቆይቷል። ሁለት ጣቶቹ አይመለሱም። ነፍሱ ግን ተመልሳለች፤ ትናንት ኩሬው ድረስ በራሱ እግር ሄዶ ጠጣ። ከርከሮው መንገድ ለቀቀለት፣ እኔም ከጎኑ ነበርኩ።

እንዳትሳሳቺ፣ አልተለወጥኩም። ዱባውን ለምን እንዳመጣልኝ ዛሬም እጠይቀዋለሁ። «አማረኝ ስላሉ ነዋ» ይለኛል። «ለዚህ ብቻ?» እላለሁ። «ለዚህ ብቻ» ይለኛል። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ነቅቼ እንደገና አስበዋለሁ። ከዚያ እጁን አያለሁ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ጉድጓዳችሁ ጎርፍ አይግባበት፣ የምትቆፍሩት ሥር አይምረርባችሁ፣ የሰው ሽቦ አያግኛችሁ። የአባታችን አምላክ ዝናቡን ለሁላችንም ያውርደው።

ይህን የጻፍኩት ምንም ፈልጌ አይደለም። ከጉድጓዴ በስተግራ ያለውን ክፍል ጠርጌ ደረቅ ሣር ጎዝጉዤበታለሁ። አቧራ በዝቶበት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሰፊ ነው፤ እናትና ሦስት ልጆች ያለ ችግር ያስተኛል።

እህትሽ
ሙቻኔታ