በሁዳዴ የተመታ ከበሮ

ላሊበላ፣ መጋቢት 1971 ዓ.ም.

ውድ የልጅ ልጄ ይማርሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የኔም ልብ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። የት ሄዳ ነበር ብትዪ፣ ቁጭ በይና አንብቢ።

ለገና መጥተሽ ስትመለሺ ያቺን የክኒን ጠርሙስ መደቡ ላይ ረስተሻት ሄድሽ። ሳትሄጂ «ምንድን ናት?» ብልሽ፣ «የምታከሳ ናት አባባ፤ ምግብ ታስጠላለች። የሠርጌ ቀሚስ እንዲገባልኝ ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት አዲስ አበባ ትሸጣለች» ብለሽኝ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዴ እየጮኸ ከምቆም፣ አንዷን ብውጥ ማን ያየኛል? ዋጥኩ።

ረሃቡስ ጠፋ። ግን በሁዳዴ ከበሮ እንደማይመታ ታውቂያለሽ፤ አርባ ዓመት የመታሁት ሰውዬ በጾሙ እጄን አጣጥፌ ነው የምቆመው። ያን ቀን ቅዳሴ ላይ ደረቴ ብቻውን ወረብ ያዘ። ድው ድው ድው! ሰው ሁሉ በብርዱ ጋቢውን ሲከናነብ እኔ የኔን ገፍፌ ላቤን እጠርጋለሁ። አጠገቤ የቆሙት ቄስ፣ «ደባሱ፣ ምነው በስተርጅና ጎረመስክ?» አሉኝ።

አያትሽ የሻረግ እየጎተተች ጤና ረዳቱ ሙሉሃብት ዘንድ ወሰደችኝ። እጄን ይዞ ሰዓቱን አየና፣

«አባባ ደባሱ፣ ከብልባላ ድረስ እየሮጡ ነው የመጡት?» አለኝ።

«ቁጭ ካልኩ ቆየሁ እኮ!»

ጠርሙሷን አሳየሁት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳኝ። የሰው ገላ ቁጭ ብሎም ተኝቶም ውስጡ እሳት ያነዳል፤ ለትንፋሹ፣ ለሙቀቱ። ክኒኗ ያንን እሳት ትቆሰቁሰዋለች።

«ታዲያ ታከሳለች?»

«ጥቂት። ሲተዋት ደግሞ ይመለሳል። ልብ ግን እህል እንዳልገባበት ወፍጮ በባዶው ይሽከረከራል።»

ያኔ ሳቄ ቆመ። በገና ሻይ ስትቀጂልኝ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ «ሙሽራ ናት፣ ፈርታ ነው» ብዬ አሹፌብሻለሁ። እንቅልፍ ሲነሳሽም አሹፌያለሁ። ለአንድ ቀን ያንቺን ልብ ተሸክሜ ባልውል ኖሮ አሁንም እያሾፍኩ ነበር። ይቅር በዪኝ።

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ካልራበህ ምኑን ጾምከው?» ብለው የሰባት ቀን ጾም ጨመሩብኝ።

ደግሞስ እጮኛሽ አረጋ ሽማግሌ የላከው ለቀሚሱ መሰለሽ? ቀሚስ የሚያሰፋ ሞልቷል፤ ልብ የሚጠግን ግን በላስታ አላውቅም።

ክኒኖቹን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬያቸዋለሁ። ጠርሙሷን የሽምብራ ቆሎ ሞልቼ በዚህ ደብዳቤ አድራሽ እጅ ልኬልሻለሁ። አወሳሰዱ፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእፍኝ። እዚያ የገዛሽው ሌላ ካለ ግን ጣዪውና እጅሽን ለሐኪም አስይዢ፤ እሱ ያለሽንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ፋሲካ ሲደርስ ከበሮው ከተሰቀለበት ይወርዳል፤ ሠርግሽም ይከተላል። መምታቱን ለኔ ተዪልኝ።

ሰባት ቀን የተጨመረበት አያትሽ፣
ደባሱ