አባዬ ሰናይትን እስኪያያት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የአባዬን የዓይን ፋሻ ቀየርኩ፣ ጠብታ አደረግኩለት። እንደ ሕፃን ተነጫነጨ። የአሰብን ሙቀት የቻለ ሾፌር ጠብታ ይፈራል!

የዓይኑን ሞራ ያስገፈፈው ለሰናይት ብሎ ነው። እህቴ ናት፣ በአባት። አባዬ ያኔ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። እዚያው አግብቶ ወለዳት። በጦርነቱ መንገዱ ሲዘጋ እሱ ወዲህ፣ እሷ ከእናቷ ጋር ወዲያ ቀሩ። ባለፈው ክረምት ጅቡቲ ያለችው አክስቷ ቪዲዮ ላከችልን፤ ሰናይት በባዶ እግሯ አሰብ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ስትሄድ። አባዬ ጭጋግ ብቻ ነው ያየው። ስንት ዓመት ስለምነው እምቢ ያለውን ኦፕራሲዮን ያን ቀን እሺ አለ።

ዛሬም አጫውቺልኝ አለ። ፋሻው እንደታሰረ ማዕበሉን ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ ሰናይት ና ትለዋለች፣ አሸዋው አላለቀም፣ ና።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ሰናይት ሞታለች።

አክስቷ ደወለች። ሰርቪስ ውስጥ ነበርኩ፣ ወደ ቂሊንጦ፣ ወደ ፋብሪካ። ትኩሳት ነው አለች። ብዙም አልታመመችም። ተቀብራለች።

አጠገቤ የነበረችው ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። እንዳልቀሰቅሳት አፌን በሻርፔ አፍኜ አለቀስኩ። ሰው መርዶ ሲነገረው ደግፎ የሚይዘው አለ፣ አብሮት የሚያለቅስ አለ። ለእኔ የነገረኝ ስልክ ነው። አንድ ቀን እንኳ ያላቀፍኳት እህቴ። ሙሉ ፈረቃ ሠርቼ ገባሁ።

እሁድ፣ የካቲት 8

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ጋ ሄድኩ። ዶ/ሩ ያለውን ነገርኳቸው፦ ዓይኑ ተቆጥቷል፣ ማልቀስ የለም፣ መደንገጥ የለም። ያለው ይህ አንድ ዓይን ነው፣ ሌላው ከጠፋ ቆየ። ጋሽ ወልዴ አሰቡ፣ አሰቡና፣ ፋሻው ይፈታ፣ በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል እንመጣለን አሉ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። ጥቁር እንዳትለብሺ።

ጉዱ ግን ይኸውልሽ፣ ማስታወሻዬ። በእድራችን መርዶ ሲኖር ለማርዳት የሚጠራው ራሱ አባዬ ነው። አንደበቱ ለስላሳ ነው ይላሉ። ጎህ ሳይቀድ በራችን ይንኳኳል፣ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ሲመለስ ሁሌ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ሰውን ቆሞ ሳለ አትንገሪው። መጀመሪያ አስቀምጪው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ቀይ ሹራቤን ለብሻለሁ። ለማን? አባዬ እንደሆነ አያየኝም። ለጎረቤት ነው። አስጠላኝ፣ ሁሉም ነገር አስጠላኝ።

ድምፅሽ ምን ሆነ አለኝ። ጉንፋን አልኩ። ሰናይት ለምን ድምፅዋን አጠፋች አለኝ። ኔትወርክ የለም አልኩ። አመነኝ። ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ስለ አሸዋው ጀመረ። አሰብን የሚያኮራው አሸዋው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብትሄጂበት አያልቅም ይላል። ሙቀቱ ሲብስ ሾፌሮቹ ጋቢና ውስጥ መተኛት ያቅታቸውና ባሕሩ ዳር ይጋደሙ ነበር። ሰናይት ድክ ድክ ማለት የጀመረችው እዚያ ነው። ብትወድቅም አታለቅስም ነበር አለ፣ አሸዋ ምን ያማል።

ኩሽና ገባሁ። ለቅሶዬ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩት። ውኃ ታባክኛለሽ ብሎ ከሳሎን ጮኸብኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ፋሻው ተፈታ። ሆ/ል ውስጥ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ከስተሻል አለኝ። በቃሊቲ መንገድ ስንመለስ የከባድ መኪና ታርጋ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ታክሲውን አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ሳቅኩ።

ቤት እንደገባን ስልኩን አለኝ። ጋሽ ወልዴ ቪዲዮውን ደብቂ ብለውኝ ነበር። ሰጠሁት። ከነገ ጀምሮ የሚያየው የሞተች ልጁን ነው። ዛሬ እንኳ ያለች ልጁን ይያት።

አያት። ደጋግሞ አያት። አረማመዷ የእናቴ ነው አለ፤ እዪ፣ ተረከዟን እንዴት እንደምታነሳ። ስለ ባሕሩ አንድም ቃል አልተናገረም።

ከዚያ ሻንጣ አወጣ። ዓይኔ ድኗል፣ በጅቡቲ ዞሬም ቢሆን እሄዳለሁ አለ። ሸሚዞቹን አልጋው ላይ ደረደራቸው። እኔ አጣጠፍኩለት። ምን ላድርግ? አጣጠፍኩለት።

እሁድ፣ የካቲት 15

ሰው ሁሉ ሳሎን ነው። እኔ ኩሽና ተደብቄ ነው የምጽፈው።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ጋሽ ወልዴና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም በጋቢ። ከፈትኩላቸው። አባዬ ከመኝታ ቤቱ ብቅ ብሎ አያቸው። በገዛ ዓይኑ አያቸው። አልደነገጠም። ከንፈሩን መጠጠ፣ ምስኪን አለ። ጋቢውን ደረበ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ሻንጣው ላይ የነበረውን ከዘራ አነሳ።

የማን ቤት ነው የምንሄደው? አላቸው።

ሦስቱም አቀረቀሩ። አባዬ ዞሮ እኔን አየኝ። አንገቴ ላይ ያደረግኩትን ጥቁር ሻርፕ አየ።

ወንበር ሳብኩለት። አባዬ፣ ቁጭ በል አልኩት።