ሲምቦ ፈረስ የተከለከለችበት ቅዳሜ

ይድረስ ቢሾፍቱ ለሚገኙት ለውድ አባቴ ለአቶ ኤጀታ።

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? አሁንም ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሡት ወይስ ለቀቅ አደረገዎ? እናቴ ወርቂቱስ? ስኳሩ ወረደላት? ዓይኗን ለማሳየት አዲስ አበባ እንደምትሄድ ወንድሜ ረጋሳ ነግሮኝ ነበር፤ ሄደች? የረጋሳስ ባጃጅ እንዴት ናት፣ አላስቸገረችውም? እኛ ከዚህ በታች ከማጫውትዎ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቴ ኢብሲቱ አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሥራዋን ቀጥላለች። እኔም ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ላይ፣ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ እንዳመላለስኩ ነው። በረዶው ከጣለ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

በስልክ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ስደውል ቤቱ ሰው ሞልቶት ነው የማገኘው። እርስዎ "ሲምቦ እንዴት ናት?" ሲሉኝ እኔ "ደህና ናት፣ እያደገች ነው" ብዬ አልፈዋለሁ። የኢብሲቱ የሥራ ባልደረባ አሰፋሽ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬልዎታለሁ። ፊደሉን ያተለቅኩት ለማንም ሳይሰጡ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ሲምቦ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ እንደተጎዳ ያውቃሉ። እግሮቿ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ አልታዘዝ እንዳሏት፣ እስካሁንም በዊልቸር እንደምትሄድ ግን በቅጡ አልነገርኩዎትም። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች። መልሱ ነው የሚያስቸግራት፤ አንድ አንድ ቃል እያለ በእንግሊዝኛ ይወጣታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሰውነቷን የምታሠራት ባለሙያ፣ ካረን የምትባል ሴት፣ ፈረስ ላይ ብናወጣት ይረዳታል አለችን። አባዬ፣ ሳቅሁ። በእርስዎ የጋሪ ፈረስ ያደግሁ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ፋንድያ ስጠርግ የኖርኩ ሰው፣ አሜሪካ መጥቼ ፈረስ ሕክምና ነው ስባል ምን ላድርግ? ኢብሲቱ ናት "ሄደን ብናይ ምን ይጎዳናል?" ብላ የጎተተችኝ።

ቦታው ከከተማ አርባ ደቂቃ የሚያስነዳ እርሻ ነው። ፈረሱ ራስቲ ይባላል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ረጋ ያለ ዳማ ነው። ዊልቸሯን በመወጣጫው አስጠግተን፣ አንሥተን እናስቀምጣታለን። ኮርቻ የለም፤ ወፈር ያለ ምንጣፍ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ከፊት ትመራለች፣ ካረን በቀኝ እኔ በግራ እግሯን ይዘን እንሄዳለን። ካረን እንዳስረዳችኝ፣ ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ ልክ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ዳሌ አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል። ሄዳ የማታውቅ ልጅ መሄድን በሰውነቷ ትለማመዳለች። ሙቀቱም የተኮማተረውን ጅማቷን ያላላላታል። ያን ሁሉ ዓመት ከፈረስ ጋር ስኖር ይህን አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም። እርስዎ አስተውለውት ይሆን?

በመጀመሪያው ዓመት አንገቷን ቀና አደረገች። በሁለተኛው ሁለት እጇን ከጋማው ላይ አንሥታ ወደ ላይ ዘረጋችና ሳቀች። ዊልቸሩ ላይ ስትሆን ሰው ሁሉ ቁልቁል ነው የሚያያት። እዚያ ላይ ግን እሷ ነበረች ቁልቁል የምታየን።

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ራጅ አስነሣት። የግራ ዳሌዋ አጥንት ከቦታው እየወጣ ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ፈረስም ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው አለን። "ከቀዶ ጥገናው በኋላስ?" ብዬ ብጠይቀው "ተስፋ ባልሰጥህ ይሻላል" አለኝ። ፈረሱ ይሆን ያደረሰው ብዬም ጠየቅሁት። አይደለም፣ ስታድግ ጅማቱ አጥንቱን እየሳበ ነው ያወጣው፣ ፈረስ ባታይም አይቀርም ነበር አለኝ። ኢብሲቱ አምናዋለች። እኔ ግን በግራ በኩል እግሯን ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ። መሪ ጨብጬ ሳለሁ እጄን አየዋለሁ። አጥብቄ ይዣት ይሆን እላለሁ።

ኢብሲቱ "ሳትነግራት እንዳትወስዳት" ብላኝ ነበር። ዓርብ እነግራታለሁ አልኩ፤ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ጠዋት የራስ መከላከያ ቆቧን ጭኗ ላይ አድርጋ በር ላይ ስትጠብቀኝ፣ መኪና ውስጥ እነግራታለሁ አልኩ። አርባውን ደቂቃ ዝም ብዬ ነዳሁ። ለካ በልቤ ካረን ትነግርልኛለች ብዬ ኖሯል።

ካረን ስልክ ደውዬላት ስለነበር ታውቃለች። ለስንብት ብላ ራስቲን አውጥታው፣ እንደለመደው መወጣጫው አጠገብ ሄዶ ቆሟል። ተንበርክካ ለሲምቦ ነገረቻት፤ "ዳሌሽ ታሟል፣ መውጣት አትችዪም" አለቻት። ሲምቦ ፈረሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ዘረጋችልኝ። "አፕ" አለች፣ አንሣኝ ማለቷ ነው። "አይቻልም የኔ እናት" አልኳት። "አፕ፣ ዳዲ" አለች። ደግማ ደጋግማ አለች። በመጨረሻ ብዙ ታግላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች፣ "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ።

አባዬ፣ ይህን ያህል የተሟላ ጥያቄ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ካላጠፋች ለምን እንደማትወጣ ማስረዳት ግን በእንግሊዝኛም በአማርኛም በኦሮምኛም አልመጣልኝ አለ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም።

ካረን "ዊልቸሯ ላይ ሆና ትቦርሸው" ብላን በሳምንቱ ሄድን። ብሩሹን እጇ ላይ አሰርንላት። አንዴ አንገቱ ላይ አስኬደችውና እጇን ሰበሰበች፣ ፊቷንም ወደ መኪናው አዞረች። ራስቲ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ቢያሸት ዘወር አላለችም። ከዚያ ወዲህ አልሄድንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ሺፍት እገባለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ቤት ላለመዋል ነው። ኢብሲቱም ገብቷታል።

ቀዶ ጥገናው ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ስድስት ሳምንት ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ ትታሰራለች። የፈቃዱን ወረቀት ፈርሜያለሁ። "ባናሠራላትስ?" ብዬ ሐኪሞቹን ብጠይቅ፣ ወደፊት መቀመጥም ያማታል አሉኝ። ፈረምኩ እንጂ ምን እላለሁ?

ምክር ፈልጌ አይደለም የጻፍኩልዎ። አይዞህ እንዲሉኝም አይደለም፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ያገኘኝ ያገሬ ሰው ሁሉ አይዞህ ብሎኝ ነው የሚያልፈው። እርስዎ ፈረስ ያውቃሉና፣ ልጄ ያጣችው ምን እንደሆነ ይገባዎታል ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በሚቀጥለው ስደውል ስልኩን ለእሷ እይዝላታለሁ። ስሟን ይጥሩላትና ይጠብቁ። ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ ይመስልዎታል፤ አልተቋረጠም። እንዳይዘጉት አደራ።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ስለዚህ ደብዳቤ ግን ዓይኗ እስኪሻላት አይንገሯት። ረጋሳን፣ ሚስቱን ፈነትን፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን እማማ ዘነቡን ስለ ጸሎታቸው ያመስግኑልኝ። ኢብሲቱ እጅ ነሥታለች። ሲምቦን "ለአያትሽ ምን ልበልልሽ?" ብዬ ጠይቄያት ብዙ ጠበቅኋት፤ አልመለሰችልኝም። ሐሰት እንዳልጽፍልዎ ብዬ የእሷን ሰላምታ ትቼዋለሁ።

ልጅዎ ሙሊሳ ኤጀታ
ፍሮግታውን፣ ሴንት ፖል
ኅዳር 28 ቀን 2011 ዓ.ም.