የእትዬ ጥሩወርቅ ዳንቴል

ሐሙስ፣ ግንቦት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ዛሬ የኮምፒውተር ጠጋኙ ከደብረ ብርሃን ወረደ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ላቡ ተንቆረቆረ። የቢሮውን አሮጌ ኮምፒውተር ፈታታና፣ «ጋሼ፣ ሚሞሪ ጨምረን ፋኑን ብንቀይርለት ሁለት ዓመት ይሠራል። ካልሆነ አዲስ አስገዝታችሁ ተገላገሉ» አለኝ። ኃላፊያችን ውሳኔውን ለእኔ ትተውታል፤ ቅጹን ሞልቼ ማቅረብ ብቻ ነው።

ያስጨነቀኝ ቀጥሎ የጠየቀኝ ነው። «ይህ ሲፒዩው ላይ ያለው ዳንቴል፣ እየሠራም አይነሳም እንዴ?»

አይነሳም አልኩት።

«ታዲያ በዚህ ሙቀት ታፍኖ እንዴት አይቃጠል!»

ዳንቴሉን የሠሩት ጸሐፊያችን የነበሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የመንገዱ አቧራ እንዳይገባበት ብለው። ጠዋት ገፈው፣ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከሥራ ሲወጡ መልሰው ያለብሱታል። ጥር ላይ ካረፉ ወዲህ ወንበራቸው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በእጃቸው ያለበሱትን መግፈፍ ከበደኝ። በመጨረሻው ቀን እንደተዉት ተውኩት፤ እንደለበሰ አራት ወር ሙሉ ሠራሁበት። እሳቸውን ማክበር መስሎኝ ነበር።

ቅጹ ላይ «ይጠገን» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ለመወሰን አልከበደኝም። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ኋላ «እርጅና» ብዬ ፈረምኩ።

በእሳቸው እጅ ስምንት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን አልታመመም።