የፓቡጂ ዓይን

ሰኞ፣ ካርቲክ 4
እኔ ባንወርላል እናገራለሁ፤ ልጄ ሱጋና ትጽፋለች። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ እንዳትጨምሪ ብያታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። የማውቀው የስሜን መልክ ብቻ ነው፤ በሣልኩት ሸራ ሁሉ ላይ ስለማኖረው።
ዛሬ ሸራው ላይ የአምላካችንን የፓቡጂን ባዝራ ጥቁር ቀባሁ። ምሳ፣ የበቆሎ ቂጣና ሽንኩርት።

ቅዳሜ፣ ካርቲክ 9
ሄማራም መጣ። ሸራ ዘርግቶ መንደር ለመንደር የጌታችንን የፓቡጂን ገድል የሚዘፍነው። አሮጌ ሸራው አልቆ፣ እንደ ወጉ ሐይቅ ውስጥ አሰናብቶታል።
«አባባ፣ አማልክት በሃያ ስድስት ከእንቅልፋቸው ይነሣሉ። ባዶ እጄን ልቀበላቸው?»
«በሃያ አምስት ና። ዓይኑን ፊትህ እከፍታለሁ።»
ብሌኑ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ጨርቅ ነው። ከገባለት በኋላ ግን የሣልኩት እኔም እሰግድለታለሁ።
እጄን ከጀርባዬ ደብቄ ነበር...

ዐርብ፣ ካርቲክ 15
እጄ ይንቀጠቀጣል። ተደብቄ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ዓይን ሞከርኩ። አንዱ ፈሰሰ። ሌላው ጉንጩ ላይ ወረደ። ዕውር ጌታ ላስረክብ?
ይህን ጻፊ ስላት ቀና ብላ አየችኝ።
«አውቃለሁ፣ አባዬ። ቁራጮቹን የማቃጥላቸው እኔ ነኝ።»

እሑድ፣ ካርቲክ 17
ጥበቡ ለሴት ልጅ አይሰጥም፤ ይዛው ባሏ ቤት ትሄዳለች። አባቴ ብሏል። እኔም ብያለሁ። ወንዱ ልጄ ግን ጃይፑር ከተማ ስልክ ይሸጣል። እሷ ባሏ ሞቶባት ከተመለሰች አሥራ ሁለት ዓመቷ፤ ድንጋይ እየፈጨች ቀለም ታዘጋጅልኛለች። ታዲያ አሁን ይዛው ወዴት ትሄዳለች?
እስክሪብቶዋ ቆመ። «ጻፊ እንጂ!» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ካርቲክ 19
ብሩሹን ሰጠኋት። አሥር ዓይን ሣለች። አንዱም አልፈሰሰም።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከሰዓት እርስዎ ሲያሸልቡ... በምድጃው አመድ ላይ።»
«ሌባ!»
«የማን ልጅ ሆኜ!» አለች።

ሰኞ፣ ካርቲክ 25
ሄማራም ከነሚስቱ መጣ። ብሩሹን ለሱጋና ሳቀብላት ፊቱ ጠቆረ።
«አባባ፣ ሴት ልትከፍተው?»
«መብራት ይዛ አብራህ የምትዘፍነው ማናት? አጎትህ ናቸው?»
ሚስቱ መከናነቢያዋ ውስጥ ሳቀች። እሱ ከሸራው ፊት ገለል አለላት።
አንድ ትንፋሽ። ሱጋና ብሌኑን አስገባች። ጌታችን ተመለከተን። ሁላችንም ሰገድን።
ከዚያ ሱጋና ከሥዕሉ ሥር ስም ጻፈች። መልኩን ለየሁት፤ የእኔ ነው።
«ብሌኑን እኔ አላስገባሁም። ከጎኑ የራስሽን ጻፊ።»
ጻፈች።
ሄማራም ሸራውን ሳይጠቀልል የእሷን ስም ደጋግሜ አየሁት። ከላይ መስመር፣ ከሥሩ ሦስት ምልክት። አሁን ሁለት ስም አውቃለሁ።