ስድሳ ከስድሳ ላመጣሁበት ፈተና የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የውኃ አገልግሎት ድርጅታችን የሥልጠናና ምዘና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ወንበርዎን በሙሉ ምቾት፣ በክፍልዎ በር ላይ የተለጠፈውን የውጤት ዝርዝርም ከነሙጫው እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። በድርጅቱ የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ የውኃ ጥራት መርማሪ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያልለካሁትን ነገር የመጻፍ ልማድ ስለሌለኝ ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ጽሑፌ አልፎ አልፎ ቢቆራረጥብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ማሽን ቁጥር ሁለት ድምፅዋን በለወጠች ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ስለምነሣ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ክፍልዎ እያንዳንዱ ሠራተኛ በያዘው መደብ ለመቀጠል የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲያልፍ በወሰነ ጊዜ፣ ቋንቋው ሰፍቶብን እንዳንጨነቅ አስቦ ፈተናውን በአንድ ግስ ብቻ መገደቡ ታላቅ ርኅራኄ ነበር። ግሱ ቴክ ነው፤ ትርጉሙም መውሰድ። አስቸጋሪነቱ ይህ ግስ ብቻውን መኖር የማይወድ መሆኑ ላይ ነው፤ ከኦፍ ጋር ሲሆን አውሮፕላን ያስነሣል፣ ከኦቨር ጋር ሥራ ይረከባል፣ ከአፓርት ጋር ማሽን ይፈታታል፣ ከአፍተር ጋር ደግሞ ልጅን ከወላጁ ጋር ያመሳስላል። እንዲህ ያሉ ስድሳ አነጋገሮች በስድሳ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ፣ ማለፊያውም ሠላሳ ስድስት። በጣቢያችን በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ባይኖርም፣ ማሽኖቹም እስከማውቀው ድረስ በየትኛውም ቋንቋ ተጠርተው አቤት ባይሉም፣ የዓላማውን ክቡርነት አልጠራጠርም።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ እትዬ። የማሽን ክፍሉን ኃላፊ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የሥራቸው ዘዴ እንዲህ ነው፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ማሽኑ ላይ ያስደግፋሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የማሽኑ ዘንግ የሚሽከረከርበት የትኛው ኩሽኔታ ሊሰበር እንደሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት ያውቃሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ማሽን ቁጥር አንድን በዚሁ መንገድ በጊዜ ባያስቆሟት ኖሮ የሆስፒታሉ መስመር ይደርቅ እንደነበር በወቅቱ የተጻፈው ሪፖርት ይመሰክራል፤ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እትዬ የፈተናውን ዝርዝር እንደተቀበሉ ነገሩን የእውነት አድርገው ያዙት። ስድሳውንም አነጋገር በቧንቧዎቹ ላይ በጠመኔ ጻፉ፤ አስተማሪ የሆነችው ምራታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታርምላቸው ነበር። በምሳ ሰዓት «ይቺ ቴክ የምትባል ሴትዮ አጠገቧ የቆመውን እያየች ነው ጠባይዋን የምትለዋውጠው፤ የማሽን አመል አያቅተኝም፣ የእሷን ግን ገና እያጠናሁት ነው» ይሉናል። አፍተር ወደተጻፈበት ቧንቧ ሲደርሱም «ልጄ እንደዚህ ነው፣ ቁርጥ አባቱን፤ ካቻቢቴ ካየ ቤት ለቆ ይወጣል» ብለው ያስቁን ነበር። በአራት ወር ውስጥ ዝርዝሩን ጨረሱት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሌሎቻችን። እኛ አላጠናንም። ያለፈው ዓመት ፈተና የመልስ ቁልፍ በምን መንገድ እንደሆነ በውል ሳላውቅ ቅጂው እጃችን ገብቶ ነበርና፣ ፊደሎቹን ብቻ፣ ሐ፣ ሀ፣ ሀ፣ መ፣ ለ እያልን እንደ ዜማ በቃላችን ያዝናቸው። በፈተናው ቀን እኔ በአራት ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ፤ አንድም ጥያቄ አላነበብኩም። ስድሳ ከስድሳ አመጣሁ። የደስታ መግለጫ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ውጤቱ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ እትዬ አሥራ አራት ማምጣታቸው ተጻፈ። ማመን አቅቶኝ የጥያቄ ደብተራቸውን ተዋስኩ፤ መልሳቸውን ሁሉ በብዕር አክብበውበት ነበር። ከሁለት መዝገበ ቃላት ጋር ሦስት ምሽት አመሳከርኩት። ሃምሳ ሰባቱ ትክክል ነው። ቀጥዬ በእጄ ካለው ካለፈው ዓመት ቁልፍ ጋር አስተያየሁት፤ አሥራ አራት። የደረስኩበት መደምደሚያ፣ በጥንቃቄ ለመናገር ያህል፣ ክፍልዎ ዘንድሮ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ለውጦ ቁልፉን መለወጥ ዘንግቷል የሚል ነው። ካለፍነው አሥራ አንድ ሰዎች አሥራ አንዳችንም ፊደል ሸምዳጆች ነን። ዓይኑን ጨፍኖ ያከበበ ሰው በአማካይ አሥራ አምስት ያገኛል። የእትዬ የአራት ወር ጥናት፣ ስሌቱ እንደሚያሳየው፣ አንድ ነጥብ ቀንሶባቸዋል። የራሴ ደብተር በመዝገበ ቃላት ሲታረም አሥራ ስድስት ነው።

አሁን ተነሥቼ ተመልሻለሁ። የማሽኗ ድምፅ ቀጥሏል።

አራተኛ፣ ስለ አቤቱታ ሥርዓታችሁ። ቅሬታ ያለው ሰው በአሥር ቀን ውስጥ በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዲያቀርብ ያወጣችሁትን መመሪያ እትዬ አክብረው አንድ ገጽ ተኩል ጻፉ። አንብቤዋለሁ፤ ዘጠኝ የቴክ አነጋገሮች በየቦታቸው ገብተውበታል፣ አራቱን እኔ ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ ነው የተረዳኋቸው። ማመልከቻው በስድስተኛው ቀን በቀይ ብዕር «አመልካቿ ወደ አማርኛ አስተርጉመው ያቅርቡ» የሚል ማስታወሻ ታክሎበት ተመለሰ። እትዬ አስተርጉመው ይዘው ሲሄዱ ጸሐፊዎ በትሕትና «እናቴ፣ የተለጠፈ ነገር አይነሣም፤ ደግሞም ቅሬታ በእንግሊዝኛ ነው» አሏቸው። አሥሩ ቀን ትናንት አለቀ። ይህ ደብዳቤ በአማርኛ፣ በአደባባይም የተጻፈው ስለዚህ ነው።

አምስተኛውን ባጭሩ ልናገር፤ ጊዜው አጥሯልና። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እትዬ ወደ መዝገብ ቤት፣ የመዝገብ ቤቱ ባልደረባችን ደግሞ ስድሳ በማምጣታቸው ወደ ማሽን ክፍሉ እንዲዛወሩ ታዝዟል። እኒህ ባልደረባችን ቅን ሰው ናቸው። ትናንት መጥተው «ወንድሜ፣ እኔ ከማሽን ጋር የእግዜር ሰላምታ እንኳ የለኝም፤ እምቢ እንዳልል ደግሞ አለፍክ ተብያለሁ» አሉኝ። እትዬ ግን ቧንቧዎቹን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ ጠመኔውን ሲያጠፉ ነበር፤ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አርባ አንደኛው ጥያቄ ላይ ያከበቡት ምን ማለት እንደሆነ። ቴክ ፎር ግራንትድ። «ሁልጊዜ አለ ብሎ ዋጋውን መርሳት ነው» አሉኝና ጨርቁን ጨመቁ። መልሳቸው ትክክል ነበር፤ እርማቱ ግን ስሕተት ይላል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የሁላችንም ወረቀት ከሰኞ በፊት በትክክለኛው ቁልፍ እንዲታረም። ሁለተኛው፣ እርማቱ የሚጀምረው ከእኔ እንዲሆን፤ ደብተሬንና በእጄ የነበረውን የቁልፍ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ይህን በማድረጌ መደቤን እንደማጣ አስልቼዋለሁ፤ እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ። አንድን ሰው በማያውቀው ፈተና ከማሳለፍና የሚያውቀውን ሰው ከመጣል የተረፈ ጊዜ በእጅዎ ካለ፣ ላደረጉልኝ ሁሉ ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና ለመቀበል እንዲያውሉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በግርማዎ ጥላ ሥር፣ በውጤትዎ ከፍታ ላይ፣ በራሱ ፊት ግን አንገቱን ደፍቶ የሚገኘው፣

የስድሳ ከስድሳው የውኃ ጥራት መርማሪ

ማስታወሻ፦ እትዬ ዛሬ ጠዋት ማሽን ቁጥር ሁለትን አዳምጠው «ይቺ ሁለት ሳምንት አትሞላም» ብለዋል። ከሰኞ ጀምሮ የሚያዳምጧት ባልደረባችን ካቻቢቴውን በየትኛው ጫፉ ጆሯቸው ላይ ማድረግ እንዳለባቸው ጠይቀውኛል። የመልሱን ፊደል ቢልኩልን እንሸመድደዋለን።