«ችግር የለም» የሚለው ኮምፒውተር

ለተከበሩ ኦቦ ዲሪርሳ፣
በሰበታ ለሚገኘው ጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? እኛ እናታችንን አዴ ተረፈችን ቀብረን ደህና ነን፤ ለዚህም ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛ፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን አዲስ ኮምፒውተር ስላስገቡልን አመሰግናለሁ። እኔ ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራሁት ፕሮግራም፣ ለታካሚው የማይስማማ መድኃኒት ሲታዘዝ የሚያስጠነቅቀው፣ አዲሱ ላይ አልሠራ አለ። ሞጁል የሚባለው አጋዥ ፋይሉ ሳይገለበጥ ቀርቶ ነበርና፣ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ፣ የት የት እንደፈለገው ዘርዝሮ፣ አላገኘሁትም አለ። በዚያ ሰሞን ከቢሮዎ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ የፋይሉ ቅጂ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ባሉ ባልደረቦቻችን ዘንድ ነበር። ኢንተርኔቱ ስለተቆረጠ በፍላሽ ላምጣው ብዬ ብለምንዎ፣ በየኬላው ፍተሻ እያለ ፍላሽ ይዞ መሄድ ያስጠረጥራል ብለው ስለ ደህንነቴ ተጨነቁ። ደግሜ ብጨቀጭቅዎ ደግሞ፣ እንዳልደክም አስበው ወደ ቡራዩ አዛወሩኝ።

ሦስተኛ፣ ከቀብር በኋላ የደረስኩበትን ብልሃትዎን አደንቃለሁ። ከዞን እንግዶች ሊመጡ ስለነበር፣ በጠፋው ፋይል ስም ሌላ ፋይል አሠሩ፤ ስለ ማንኛውም ታካሚ፣ ስለ ማንኛውም መድኃኒት ቢጠየቅ «ችግር የለም» ብሎ የሚመልስ። መንገዱ ላይ ጎማ እየነደደ ለበላይ የሚልኩትን ሪፖርት ለማሽን አስጠኑት። እንግዶቹም አጨበጨቡልዎ።

አራተኛውን ያለ ቁጥር ልጻፈው። እናቴ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ማሽኑ ውስጥ የመዘገብኩት እኔው ነኝ። እኔ ቡራዩ ሳለሁ ሳል ይዟት ወደ ጤና ጣቢያዎ መጣች። ነርሷ ፀሐይ እንደ ደንቡ ማሽኑን ጠየቀች፤ ችግር የለም አላት፤ ወጋቻት። እናቴ አየር አጥሯት አልጋውን ስትቧጥጥ ስክሪኑ ላይ ያው ጽሑፍ ነበር። ዛሬ ፀሐይ ታስራለች። እርስዎ ግን ለቅሶ ደርሰው፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ብለው አጽናንተውን፣ ንፍሯችንን ቆርጥመው ሄዱ። ክቡርነትዎ፣ በታላቅ አክብሮት እጠላዎታለሁ።

ወንበርዎ እስከ ዕለተ ሞትዎ እንዲጸናልዎ የምትመኝ፣ ታዛዥዎ
ገለቴ ኦዳ፣ የአዴ ተረፈች ልጅ
ከቡራዩ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ካለ።

ማሳሰቢያ፦ ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት እንደማይስማማዎ ገና ሰበታ ሳለሁ እዚያው ማሽን ውስጥ መዝግቤልዎታለሁ። ትክክለኛው ፋይል አሁንም ሱሉልታ አለ፤ የሚያመጣው ግን የለም። ሲታመሙ ታዲያ ሌላ ቦታ አይንከራተቱ፤ ወደ ራስዎ ጤና ጣቢያ ይምጡ፤ ማሽኑ ምን እንደሚል ያውቁታል።